ያረረው የኮክ ማርማላታ

ሽታው የተቀበላት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወጣ ያረረ ስኳር ጉሮሮዋን ከነከናት። አንዲት ጎረቤት በሯን ገርበብ አድርጋ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። «ከእናንተ ቤት ነው መሰለኝ፣ ልጄ» አለቻት። ልጅቷ የቀሩትን ደረጃዎች ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

በሩን ስትከፍት አባቷ ሽርጡን ታጥቆ ምድጃው ፊት ቆሟል። ረጅሙን የእንጨት ማማሰያ ቀስ እያለ ያዞራል፣ ያፏጫል። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት መስኮቱን አደብዝዞታል። የኮክ ልጣጭና ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። ቤቱ በሙሉ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ የእሱ ፊት ግን እንደ ሠርገኛ ፈክቷል።

«መጣሽ ሻምበል! ደረስሽልኝ። የዘንድሮ ኮክ ጉድ ነው!»

ሻምበል የሚላት ገና አፏን ስትፈታ ጀምሮ ነው፤ ቤቱን ሁሉ ካላዘዝኩ ትል ስለነበር። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስሙ ግን አብሯት አድጓል።

«ሙቀቱ አይጣል ነው» ብላ መስኮቱን በሰፊው ከፈተችው። አባቷ በትንሽ ማንኪያ ቀድቶ፣ እፍ እፍ ብሎ አቀበላት። ማርማላታው እንደ ወትሮው ወርቅማ አልነበረም፤ ጠቁሯል።

«ቀረፋ ጨመር አድርጌበታለሁ፤ እሱ ነው ያጠቆረው» አለ፣ ሳትጠይቀው። ከዚያ ዓይኑን አፏ ላይ ተክሎ ጠበቀ።

ቀመሰች። አመድ አመድ ይላል። ከስሩ ያረረው እየተማሰለ ከላይኛው ጋር ተዋህዷል።

«እህስ?»

«ጣት ያስቆረጥማል» አለች። አስባበት አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ ስትለው የከረመችውን ምላሷ ለምዶታል።

አባቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ካፍቴሪያ ዋና ምግብ አብሳይ ነበር። ቤትም ወጥ ቤቱ የእሱ ግዛት ነው። እናቷ ነርስ ናት፤ አንድ ሳምንት የቀን፣ አንድ ሳምንት የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ታናሽ እህቷን ጨምሮ አራቱም አንድ ላይ ማዕድ የሚቀርቡበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አባትየው የራሱ ሕግ ነበረው። እራት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ ከአንድ ድስት አያልፍም፤ ፓስታ በቲማቲም፣ ድንች በእንቁላል፣ የምስር ሾርባ በካሮት። ለየወቅቱ ደግሞ አንድ ደስታ አለ። በዝናቡ ወራት የዱባ ኬክ፤ ብርቱካን ሲረክስ ልጣጩን በስኳር ያደርቀዋል፤ ኮክ ሲደርስ ማርማላታ። «ወቅቱ ሲመጣ ወቅቱን መብላት ነው» ይል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት መሰላል ላይ ወደቀና በማጅራቱ ተመታ። ቁስሉ በወሩ ዳነ። የማሽተት ነገር ግን አብሮ አልዳነም። ሐኪሙ በወረቀት ላይ ቀጫጭን ክሮች ሥሎ፣ «እነዚህ የማሽተት ነርቮች ናቸው የተጎዱት። ሊመለስም፣ ላይመለስም ይችላል» አለው። ምላሱ ጨውን ከስኳር ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ግን በሩ ተዘግቷል። ወተት ይበላሽ፣ ሽንኩርት ይረር፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ከሥራም «እስኪሻልህ ዕረፍ» ተብሎ ቤት ዋለ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር።

ውሸቱ የተጀመረው እንደገና ሽርጥ በታጠቀበት ምሽት ነው። ሾርባው ውስጥ የገባው ቅርንፉድ ጥርስ ያደነዝዛል። እሱ ሳይበላ የሦስቱን አፍ ተራ በተራ ያያል። እናቷ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። ያኔ ነው ሻምበል «ጣት ያስቆረጥማል!» ያለችው። አባቷ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ያንን ሳቅ ያየ ሰው እንዴት ብሎ ቃሉን ያጥፍ?

ከዚያ በኋላ ውሸቱ ሥራ ሆነባት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ታናሽ እህቷን ከመዋዕለ ሕፃናት ሊያመጣ ይወጣል፤ እሷ ያለችው ሃያ ደቂቃ ነው። ድስት ትከፍታለች፣ ቅርንፉድ ትለቅማለች፣ ያረረውን ከስር ትታ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ትገለብጣለች። ወተቱን ታሸታለች፤ ከተበላሸ ትደፋና «እጄን አዳልጦኝ ፈሰሰ» ትላለች። አንዴ የተፈጨ ሥጋ ሸቶ አግኝታ፣ ድመት ወሰደው ብላለች። ድመት የላቸውም። አባቷ ግን አመናት። ቀስ በቀስም፣ «ሽታው እየተመለሰልኝ ነው መሰለኝ፤ እጄ አሁን አይስትም» ማለት ጀመረ።

«ደግሞ ወሬውን አልነገርኩሽም» አለ አሁን ድስቱን ከእሳት እያወረደ። «የካፍቴሪያው ኃላፊ ደውሎ ነበር። ሰኞ ና ብሎኛል። የሙከራ ምሳ፣ ለሁለት መቶ ሰው!»

«ሰኞ? የዚህ ሰኞ?»

«የዚህ ሰኞ! አፍንጫዬ ተመልሷል አልኩት። ካላመንክ ቤተሰቤ ምስክሬ ነው አልኩት።»

ሻምበል ማንኪያውን ማጠቢያው ውስጥ ጣለችው። ስታጥበው ቆየች፤ አንድ ማንኪያ ያን ያህል አይታጠብም።

እናቷ ስትገባ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያበጡ እግሮቿን ከጫማ ስታወጣ፣ ልጅቷ ገብታ በሩን ገጠም አደረገችው።

«እማዬ፣ ሰኞ እኮ…»

«ሰማሁ። ደረጃ ላይ ሆኜ ነው የነገረኝ።»

«እንንገረው።»

እናቷ ጫማውን ይዛ ቀረች። «ከወደቀ በኋላ ግድግዳ ሲያይ የነበረ ሰው ነው። ገና አሁን ቀና አለ። እኔ ልቡን አልሰብርም። እዚያ ረዳቶች አሉት፤ ያሸቱለታል።»

«ካላሸቱለትስ? እንደዚያ የሸተተ ሥጋ ለሁለት መቶ ሰው ቢቀርብስ?»

እናቷ ግንባሯን በመዳፏ ደገፈች። «ዛሬ ሁለት ሰው እጄ ላይ ሞተብኝ፣ ልጄ። ታክቶኛል። ነገ እንነጋገር።»

ዓርብ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ አላስቀመጠቻትም። ይህችን ልጅ ክፍሉ ሁሉ ራዲዮ ይላታል፤ አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ።

«አንቺ ምን ሆነሻል? ፊትሽ የተረሳ ሻይ መስሏል» አለች ራዲዮ።

ሻምበል ለማንም ያልተናገረችውን በሹክሹክታ ነገረቻት። ራዲዮ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች፤ ይህም ለእሷ ታሪክ ነው።

«አታካብጂ ባክሽ» አለች በመጨረሻ። «ሰኞ ሲቀምሱት ራሳቸው ይነግሩታል። ነገሩ ካንቺ አፍ ባይወጣ አይሻልሽም?»

ምክሩ ለጊዜው አቅልሎላት ነበር። የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ግን ሰልፉ ታያት። ትሪ የያዙ ሠራተኞች፣ መጀመሪያ የጎረሰው ፊቱን ሲያጨፈግግ፣ ሁለተኛው ሲተፋ፣ ከኋላ የሆነ ሰው ሲስቅ። አባቷ የወጥ ቤት ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ቆሟል፤ እንደ ልማዱ አፍ አፋቸውን ያያል። ራሳቸው ይነግሩታል ማለት ይኼ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ሥራ ገብታለች። አባቷ ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ ነጩን ካፖርት ይተኩሳል። አራት ጠርሙስ ማርማላታ መስኮቱ ሥር ተደርድሯል፤ አንዱ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮለታል። «ይቺ የኃላፊው ናት» ብሏል። ለትንሿ ልጁ ዳቦ ቀብቶ ሰጣት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ ጢጢ ይሏታል።

ጢጢ አንዴ ገመጠችና አፏን ሳትዘጋ ቆመች። ምራቋ በአገጯ ወረደ።

«ምነው ጢጢዬ?» አለ አባቷ፣ ካውያውን አቁሞ።

ትንሿ ልጅ አባቷን አላየችም። ያየችው ታላቅ እህቷን ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ሰግጋ፣ እንደ መድኃኒት ዋጠችው። ከዚያ ልክ እንደ ተማረችው፣ «ጣት ያስቆረጥማል» አለች። ዓይኗ ግን በእንባ ተሞልቷል።

ሻምበል ከተቀመጠችበት ተነሣች። ዳቦውን ከእህቷ እጅ ወሰደችው።

«አባዬ፣ አርሯል።»

«ምኑ?»

«ማርማላታው። ሐሙስ ዕለት ደረጃ ላይ ሆኜ ሸትቶኛል።»

አባቷ ፈገግ አለ። «ቀረፋው ነው አላልኩሽም?»

«ቀረፋው አይደለም።»

አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። ቅርንፉዱን፣ ወተቱን፣ የሌለውን ድመት፣ የሚገለበጠውን ድስት ነገረችው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከመጀመሪያው።»

«እናትሽም?»

በእጇ ያለውን ዳቦ ማየት ጀመረች። መልሱ ገባው። ጎንበስ ብሎ ካውያውን ከሶኬት ነቀለ፤ ካፖርቱን ግማሹ ሳይተኮስ አጣጠፈው።

«ሰው ሁሉ ይዋሸኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ግን… ሻምበል?»

መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ቢያላትመው ይሻላት ነበር። ጢጢ ቀሚሷን ይዛ፣ «እኔ ነኝ ያስቆጣሁት?» ስትል ጠየቀቻት።

እሑድ ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ። እናቷ ልጅቷን ወጥ ቤት ጥግ አስጠግታ፣ «እንነጋገር ብዬሽ አልነበረም?» አለቻት።

«ነገ ነገ እያልን እኮ ሰኞ ሊደርስ ነው፣ እማዬ።»

እናቷ ሳህን አንሥታ ታጥቦ የነበረውን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ሰኞ አባቷ ካፖርቱን ሳይይዝ፣ ተራ ሸሚዝ ለብሶ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። የት እንደሚሄድ የጠየቀው የለም። ሻምበል የሒሳብ ፈተና ነበረባት፤ ምን እንደጻፈች ዛሬም አታስታውስም። ራዲዮ «እህሳ?» ስትላት ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ መኝታ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። የማርማላታው ጠርሙሶች ከሳሎኑ መስኮት ሥር ጠፍተዋል።

«ሄጄ ለኃላፊው ነገርኩት» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «አፍንጫዬ አልተመለሰም፣ ዋሽቼሃለሁ አልኩት። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ዕቃ ተቀባይነት አለ፣ አስብበት አለኝ።»

«አሰብክበት?»

«ያ መሰላል ያለበት ቤት ነው።»

እውነቱን ስለነገረችው አላመሰገናት፤ አልተቆጣትም። እናቷ የምትገባው ዘግይታ ነው፤ ጢጢ ርቧታል። ወጥ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ምድጃው ላይ ድስት የለም። ሻምበል ሽርጡን ከሚስማሩ አውርዳ ታጠቀች። ሽንኩርት ከተፈች፣ ቲማቲም ጨመረች፣ ፓስታ ቀቀለች። ሰዓት አየች፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጅቶባታል።

ለእህቷ ሰጥታ፣ አንድ ሳህን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። አባቷ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቆየ። ከዚያ ጎረሰ። ለረጅም ጊዜ አላመጠ።

«ለእኔ ምን ምን አይልም» አለ። እንዲህ ብሎ በግልጽ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። መስኮቱ ላይ ብርሃኑ እየደበዘዘ ነው። «ትኩስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጨው አለው። በቃ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።»

ልጅቷ ልትወጣ ዞር አለች።

«ላንቺስ?» አለ ከኋላዋ። «ላንቺ ምን ምን ይላል?»

ቆመች። ከዚያ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሹካውን ከእጁ ወሰደች። ከሳህኑ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች።

«ቲማቲሙ ጎምዘዝ ይላል» አለች። «ቶሎ ነው ያወጣሁት፤ ጥሬነቱ አልለቀቀውም። ሽንኩርቱ በአንድ በኩል አርሯል፤ መራራ አይደለም፣ ግን… ጭስ ጭስ ይላል። ዘይቱ በዝቷል።»

አባቷ ፊቱን ከመስኮቱ አዞረ። አላያትም፤ ወለሉን እያየ ያዳምጣል።

«ፓስታውስ?»

«ቆይ» አለችና እንደገና ጎረሰች።