የቻናሉ ባለቤት

የአዳራሹን የድምፅ ባለሙያ ሰው ሁሉ «ሄሎ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ገመድ አልባ ማይኮቹን ይዞ «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲል ስለሚውል። ማይክ ከእጁ ከወጣ ግን፣ በተለይ በአንዲት ሴት ፊት፣ ምላሱ ይተሳሰራል።

ሴቲቱ ከአዳራሹ በላይ ያለው ቤተ ሙከራ የሬዲዮ መሐንዲስ ናት። አንድ ቀን ገመድ ልትዋስ ወርዳ ፈገግ ብትልለት ጊዜ፣ አለቀለት። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው ገመድ ትዋሳለች፤ መመለስ የሚባል ነገር የለም። እሱም ትንፍሽ አይልም።

ዛሬ ግን ቆረጠ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ የሚናገረውን አጥንቶ ደረጃውን ወጣ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሷ በስልክ ታወራለች።

«ባለቤቱ ካለማ ድርሽ አንልም! ዞር ሲል ጠብቀን እንገባለን። ድንገት ከመጣ ደግሞ ብን ነው። እስካሁን አንዴም አልነቃብንም።»

ሄሎ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ ራሱም አያውቅ።

አዳራሹን የምታስተዳድረው ታላቅ እህቱ ፊቱን አይታ ደነገጠች። «ምን ሆንክ አንተ?»

«ባል አላት። ባል ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ውሽማም አላት!»

«ወይ ጉድ! ያቺ ዓይን ዓይንህን የምታይህ ልጅ?»

«ለዚያ ከከተማ ከተማ እየዞርክ ድምፃችንን ሥራ ላለኝ ባንድ ደውዪ። ዛሬ መልስ ስጠን ብለውኝ የለ? ይመጣል በያቸው። ኮቴዋን እየሰማሁ እዚህ መቀመጥ አልችልም።»

ማይኮቹን አንድ በአንድ አብርቶ እየፈተሸ ለእህቱ ማስረከብ ጀመረ። ወዲያው መሐንዲሷ እየሮጠች ወረደች።

«ዛሬ ዝግጅት የለም አላልከኝም? ሬዲዮዬ እየሸሸች አስቸገረችኝ እኮ!»

«ባለቤትሽን አማክሪው።»

«የምን ባለቤት?»

«ዞር ሲል ጠብቃችሁ የምትገቡበትን!»

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ መቆም አቅቷት ስፒከሩ ላይ ተቀመጠች።

«አንተ! ሬዲዮዬ እኮ የራሷ ቻናል፣ የራሷ የአየር ሞገድ፣ የላትም። የሰው ቻናል ታዳምጣለች፤ ዝም ካለ ትዋሳለች፤ ባለቤቱ ሲመጣ ትለቃለች።»

«ባለቤቱ ማነው ታዲያ?»

«አንተ ነህ! ማይኮችህ ናቸው! በበሩ ቁጥር ትሸሻለች።»

የሄሎ ጆሮ ቀላ። እህቱ ለባንዱ የደወለችበትን ስልክ ይዛ በሁለቱ መሃል ዓይኗን ታንከራትታለች።

«ሁለት ሬዲዮዎች የት እንደሚገናኙ የሚነጋገሩበት የጋራ ቻናል ያስፈልጋቸዋል» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ። «አለበለዚያ ሲፈላለጉ ይከርማሉ። እኔ በገመድ ሞከርኩ። ሰው ይሄን ሁሉ ገመድ ምን ያደርግበታል ብለህ እንኳ አልጠየቅክም።»

«ሥራ በዝቶብሽ መስሎኝ ነዋ።»

ሄሎ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። ልማድ ሆኖበት እጁ ላይ የነበረውን ማይክ ወደ አፉ አስጠጋ።

«ሄሎ . . . እወድሻለሁ።»

አዳራሹ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተጋባ። እህቱ የባንዱ ሰዎች ጆሮ ላይ ስልኩን ዘጋችባቸው።

ሄሎ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ደነገጠ። «ውይ! አሁንም ሬዲዮሽን አባረርኳት!»

«እሷ ትሽሽ» አለች፣ አጠገቡ እየቆመች። «እኔ የትም አልሄድም።»