የአሥራ ሦስቱ ክላሰሮች ቅደም ተከተል

እፀገነት የሞተችው ራሷ ባሰናዳችው ጠረጴዛ ላይ፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ነበር። ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የባሏ ታላቅ እኅት እትዬ ዓለሚቱ በሩን ቢያንኳኩ መልስ አጡ። ገፋ አድርገው ሲገቡ ግንባሯን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ደፍታ አገኟት። ከእግሯ ሥር ያለው የከሰል ምድጃ ገና ይሞቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር ዝናሽ ከቤቱ ስትደርስ ሰፈሩ ጉዳዩን ጨርሶታል። የደብረ ታቦር የጥር ብርድ፣ የተዘጋ ክፍል፣ ከሰል፤ ያልታደለች ሴት። ሐኪሙም የገደላት የከሰል ጭስ መሆኑን አረጋግጧል። ዝናሽን ያስጠራት አንድ ፖሊስ ከመደርደሪያው ኋላ፣ መተንፈሻ ቀዳዳው ውስጥ ያገኘው ጨርቅ ነው።

ክፍሉ መስኮት የለውም።

«ድሮ የእህል ማስቀመጫ ነበር» አለ ባሏ ሙሉሰው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሃያውን ዓመት የሠራው በቤተ መጻሕፍት ነው። «ሁለት ወር ሙሉ ይህን ስታሰናዳ ከረመች። ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ የግድግዳ መርሐ ግብር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዓመቷን ታቅዳለች፤ ማንም አያንኳኳም።»

«እርስዎ ትናንት ገብተው ነበር?»

«መደርደሪያው ከተሠራ ወዲህ እግሬ ረግጦት አያውቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ልደብቅዎ አልፈልግም። መተንፈሻውን የወተፈችው እኅቴ ናት። ለክፋት አይደለም፤ ብርድ ይገባባታል ብላ ነው። ከምሳ በኋላ ከዚህ ስትወጣ አይቻታለሁ።»

ዝናሽ ቀና ብላ አየች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አሥራ ሦስት ክላሰሮች ተደርድረዋል። በየጀርባቸው የወር ስም በሟቿ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከኋላቸው ሁለት መዳፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ አሮጌ የነጠላ ቁራጭ ተጠቅጥቆባታል። ቀዳዳዋ ጋ ለመድረስ ክላሰሮቹን ማውረድ ግድ ነው። የመጀመሪያው ክላሰር ሐምሌ ይላል፤ ቀጥሎ መስከረም፣ ከዚያ መጋቢት።

«ወራቱ ቦታቸውን ስተዋል» አለች።

«እኅቴ ማንበብ አትችልም። አውርዳ እንደመጣላት መለሰቻቸው።»

ዝናሽ የአሥራ ሦስቱንም ስም በተርታ ጻፈች። ከዚያ የሟቿን ማስታወሻ ደብተር ከፈተች። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «8:10፤ ክላሰሮቹን ማን ነካቸው? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጠየቅ።»

እፀገነት አይታ ነበር። ግን ሰዓቱ የዕቅድ ሰዓቷ ስለሆነ ጥያቄውን ለአሥራ አንድ ሰዓት ቀጠረችው።

እትዬ ዓለሚቱ ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አጥልቀው፣ ስስ ነጠላቸውን ለብሰው ይጠብቁ ነበር።

«ልወሰድ ነው?» አሉ።

«ይቆዩ እትዬ። ጨርቁ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። የተቀደደ ነጠላዬ ነው፤ ለወለል መወልወያ ያኖርኩት።»

«ቀዳዳው ውስጥ የከተቱትስ እርስዎ ነዎት?»

አሮጊቷ መዳፋቸውን አዩ። «ሙሉሰው አየሁሽ አለኝ።»

«እርስዎ ግን ያስታውሱታል?»

«አላስታውሰውም ልጄ። ከሰሉን እንደ ሁልጊዜው ደጅ አቀጣጥዬ፣ ፍም ሲሆን አስገባሁላት። ሌላ ትዝ የሚለኝ የለም። እሱ ግን ከትናንት ጀምሮ ‹ሳታውቂ ገደልሻት፤ እመኚና ይቅለልሽ› ይለኛል። እናታችን ስትሞት አራት ዓመቱ ነበር። ጉና ተራራ ሥር ድንች እየቆፈርሁ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ምን ብሎ ይዋሸኛል?»

ዝናሽ ቀጥሎ መደርደሪያውን የሠራውን አናጢ ጥላዬን አስጠራች። ፊቱ ገርጥቶ መጣ።

«ቀዳዳውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከሰል እንደምታስገባ ስሰማ፣ ያለ መተንፈሻ አልሠራም አልኳት።»

«ከበሩ ሥር ያለው ጎማስ? አዲስ ነው።»

«ትናንት ጠዋት ነው የመታሁት። ጋሽ ሙሉሰው ናቸው ያዘዙኝ፤ ብርድ ገባባት ብለው። መተንፈሻው ስላለ ምንም አይደል ብዬ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሐሙሲት ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ አልጋ የማስረክበው ሰው ነበር።»

ዝናሽ አልጋውን ለተረከበው ሰው ደወለች። ጥላዬ እውነቱን ነበር። ከዚያ የሟቿ ባልደረባ አልማዝ ስልኳን አሳየቻት። እፀገነት ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ «በመጨረሻ አለቀ» ብላ የመደርደሪያዋን ፎቶ ልካላት ነበር። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ወራቱ በየቦታቸው ናቸው። ፎቶውን እንደላከች አብረው ለቅሶ ሄደዋል፤ እፀገነት ቤቷ የተመለሰችው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎን ተቀመጡ። ሙሉሰው ጥግ ላይ ክንዱን አጣምሮ፣ እኅቱ ከበሩ አጠገብ፣ ጥላዬና አልማዝ ጎን ለጎን። ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ክላሰሮቹ የተነኩት ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው» አለች ዝናሽ። «ጥላዬ ሐሙሲት ነበር፤ አልማዝ ከሟቿ ጋር ለቅሶ ቤት። ቤት የነበሩት እኅትና ወንድም ብቻ ናቸው።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ ሙሉሰው።

«እትዬ ዓለሚቱ ማንበብ አይችሉም። አሥራ ሦስት ክላሰር አውርደው ቢመልሱ ይዘበራረቃል። እርስዎም እኔ እንደዚያ እንዳስብ ፈልገዋል። ትናንት ልብ ብለው በእርግጥ ቢያዘበራርቁት ኖሮ ምንም ባልያዝኩ ነበር።» ወረቀቷን አወጣች። «ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ነሐሴ፣ የካቲት፣ ግንቦት፣ ጥር፣ ጥቅምት፣ ጳጉሜን።»

የጥላዬ ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይቆጥራል። «በፊደል ተራ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ።

«አንዱም አልተሳሳተም። ጥር እንኳ ከጥቅምት ቀድሟል። ፊደል የማይለይ ሰው እጅ እንዲህ አይደረድርም። ሃያ ዓመት መጻሕፍት የደረደረ ሰው ግን፣ ሲቸኩል፣ እጁ የለመደውን ይሠራል። አቶ ሙሉሰው፣ ክፍሉን ረግጬው አላውቅም ብለውኛል። ጠዋት የበሩን ሥር አሳሸጉ። ከሰዓት መተንፈሻውን በእኅትዎ ጨርቅ ወተፉ። ከሰሉን ደግሞ እሳቸው እንደሚያስገቡ ያውቃሉ።»

ዝናሽ የካቲት የሚለውን ክላሰር ጭኗ ላይ ከፈተች።

«ከዚህ ወር በኋላ ያለው ሁሉ ባሕር ዳር ነው። አዲስ ሥራ፣ የቤት ኪራይ፣ የማታ ትምህርት። ለአንድ ሰው የታቀደ ነው።»

«አንብቤዋለሁ» አለ ሙሉሰው። ድምፁ ውስጥ ጸጸት አልነበረም። «ባለፈው ሳምንት ሁሉንም አነበብኩት። ስሜን ፈለግሁ። በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ አንድ መስመር አገኘሁ፤ መጋረጃ ማሳጠብ ከሚለው በታች። ‹እሑድ አራት ሰዓት፤ ለሙሉሰው መንገር።› ግማሽ ሰዓት መድባልኛለች። ለመጋረጃው አንድ ሰዓት ነው የሰጠችው።»

አልማዝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኅትዎስ ምን አደረጉዎት?» አለች ዝናሽ።

«እሷን ማን ያስራታል? አሮጊት ናት፤ አላወቀችም ብለው ይለቋት ነበር።»

እትዬ ዓለሚቱ ይህን ሲሰሙ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነበር» አሉ። «ገደልሁ ብዬ ለንስሐ አባቴ ልናገር ነበር። ዝም ብለህ ልታየኝ ነበር?»

ሙሉሰው ከወንበሩ ተነሣ። ፖሊሶቹ እጁን አሰሩት። ደጁ ላይ ሲደርስ ነፋሱ መታው፤ ቆም ብሎ ወደ ውስጥ ዞረ።

«እትዬ፣ ጋቢዬን አቀብይኝ። እዚያ ይበርዳል።»

ጋቢው ከአጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ነበር። አሮጊቷ ብድግ ብለው አነሡት፤ እንደ ልማዳቸውም አጣጠፉት። ሁለት እርምጃ ከተራመዱ በኋላ ቆሙ።

«ጠዋት እኔ ልወሰድ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አየኸኝ» አሉ። «ጋቢ ደርቢ አላልከኝም።»

ጋቢውን ዘርግተው ራሳቸው ለበሱትና በሩን ዘጉት።