ጳጉሜን የማያውቅ መዝገብ

መስከረም አራት ቀን ብርሃን የምትባል ሴት ወልዳ ሞተች።

ልጁ አለቀሰ፤ የእናቱ ደም ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ደም ማቆሚያ መርፌ ልታመጣ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሮጠች። ማቀዝቀዣው ውስጥ ካርቶኖቹ እንደ ወትሮው ተደርድረዋል። ብልቃጥ ግን አንድም የለባቸውም። ከሌላ ቦታ ተደውሎ እስኪመጣ ብርሃን አልጠበቀችም።

በማግስቱ ፖሊስ ወንዳወቅን አሰረ።

ሰቆጣ ዳር ባለችው በዚያች ክሊኒክ መድኃኒት የሚያወጣው እሱ ነው። የከሰሰውም የራሱ ኮምፒውተር ነው፦ ነሐሴ ሠላሳ፣ አርባ ብልቃጥ ወጪ፣ በወንዳወቅ የምስጢር ቁጥር።

እናቱ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህን ግን ማንም እንደ ነውር እንዲያነሳባቸው አይፈቅዱም። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። ተቀመጡ ሳይባሉ ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ልጅዎን ለመጠየቅ ከሆነ በወዲያ በኩል ነው» አላቸው ኢንስፔክተር ምንዋጋው።

«እሱንማ አየሁት። አሁን አንተን ልጠይቅ ነው። ልጄ ምን አለህ?»

«ለሩፋኤል ጠበል ጋዝጊብላ ስሄድ፣ ሥራ እንዳይቆም ቁጥሬን ለአለቃዬ ለአቶ ምትኩ ሰጠሁ አለኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እናንተ የሄዳችሁት ጳጉሜ አንድ ነው። መድኃኒቱ የወጣው ነሐሴ ሠላሳ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ወንዳወቅ ብቻውን ነበር። አቶ ምትኩ ወልድያ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አጣርቻለሁ።»

«ከወልድያ መቼ ገባ?»

«ጳጉሜ ሁለት። ምን ይለውጣል?»

ጥሩሐረግ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። የብርሃን ባል ካሳ፣ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ በር ላይ ተቀምጧል። ከቀብሩ ወዲህ ከዚያ አልተነሳም። ዓይኑ ከእስር ቤቱ በር አይነቀልም። ዳኛ ወንዳወቅን ቢለቀውም ካሳ አይለቀውም። ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም።

«ያን ወረቀት አንብብልኝ» አሉ። «ቀን ቀኑን ብቻ።»

ምንዋጋው ተነፈሰ። «ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ። ነሐሴ ሠላሳ። ነሐሴ ሠላሳ። ነሐሴ ሠላሳ…» ጣቱ ወደ ታች ወረደ። ገጽ ገለበጠ። «ነሐሴ ሠላሳ። መስከረም ሁለት።»

«ጳጉሜስ?»

ገጹን መልሶ ገለበጠ።

«አምስት ቀን ሙሉ በዚህ አገር የታመመ ሰው የለም? ጳጉሜ አምስት ከጋዝጊብላ ገብቼ ልጄ የዓይን ጠብታ ሰጥቶኛል። ስሜን ፈልግ። ጥሩሐረግ ገብረ አምላክ።»

ፈለገ። አገኘ። ቀኑን ሁለቴ አነበበ።

«ነሐሴ ሠላሳ ይላል።»

«ዓይኔን ያመመኝ በሩፋኤል ማግስት፣ ጳጉሜ አራት ነው፤ ጠበልተኛው ሁሉ ይመስክር። ሳልታመም ነው መድኃኒት የወሰድኩት? ተማርን የምትሉት ይኸን ነው?»

በማግስቱ ክሊኒኩ ውስጥ ተሰበሰቡ። አለቃው ምትኩ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ቆሟል። ካሳ ጥግ ይዟል፤ ይምጣና በዓይኑ ይይ ብለው የተሟገቱት ጥሩሐረግ ናቸው። ሶፍትዌሩን የሚጠግነው አንዷለም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

«ቶሎ ጠግነውና ወደ ሥራችን እንመለስ» አለ ምትኩ።

«ስሕተቱ ሲፈጠር በዓይኔ ሳላይ አልነካውም። መጀመሪያ እንዲደገም አደርጋለሁ።»

የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ጳጉሜ ሦስት መለሰ። አንድ ብልቃጥ ወጪ ብሎ ጻፈ። መዝገቡን ከፈተ።

ነሐሴ ሠላሳ።

ጳጉሜ አራት አደረገው። አሁንም ነሐሴ ሠላሳ።

«አንዳንዱ ስሕተት ማሽኑን ቀጥ ያደርገዋል» አለ አንዷለም። «እሱ ጮኾ ስለሚናገር በዕለቱ ይጠገናል። አንዳንዱ ድምር ያዛባል፤ እሱም ሲቆጠር ይያዛል። ይኼ ግን ድምፁን አጥፍቶ ውሸት ይጽፋል። የሠራው ሰው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያሳወቀው። ዐሥራ ሦስተኛው ሲመጣበት፣ መጨረሻ በሚያውቀው ቀን ላይ ይጥለዋል።»

«የየት አገር ሰው ነው?»

«የእኛው ነው፣ እማማ። ከውጭ የተሠራውን ገልብጦ ነው።»

«ጳጉሜን የረሳ ሐበሻ! እናቱ ጠበል ወስዳው አታውቅም?»

ማንም አልሳቀም።

«ይህን ማን ያውቅ ነበር?» አለ ምንዋጋው።

አንዷለም የአቤቱታዎቹን ዝርዝር ከፈተ። ወረድ ብሎ አነበበና ፊቱ ጠቆረ።

«አምና መስከረም ላይ ተልኮልኛል። ‹የጳጉሜ ሥራ በነሐሴ ሠላሳ እየተመዘገበ ነው› ይላል። በሳምንቱ ሌላ መጣ። ‹ችግሩ ተፈትቷል፤ አትንኩት።› እኔ ገና አልጠገንኩትም ነበር። ተፈታ ሲሉኝ ሳላይ ዘጋሁት።»

«ላኪው?»

«አቶ ምትኩ።»

ምንዋጋው ዞረ። «ወንዳወቅ ጠበል በሄደባቸው የጳጉሜ ቀኖች የት ነበሩ?»

«ወልድያ… ብያለሁ።»

«በሁለት ገብተዋል።»

«ቤቴ ነበርኩ። ዝናብ ነበር።»

«አትንኩት ያሉት ለምን ነበር?»

ምትኩ ወደ በሩ አየ።

«ጽጽቃ ከተማ ሚስትህ መድኃኒት ቤት አላት» አሉ ጥሩሐረግ። «ወይስ እሱንም ኮምፒውተሩ ይንገረን?»

ምትኩ ግድግዳውን ተደገፈ። «ልትዘጋ ነበር። መደርደሪያዋ ባዶ ነው፤ ሰው መጥቶ ይመለሳል። መስከረም አዲስ ዕቃ ሲገባ ሳይታወቅ እተካለሁ፤ ቢታወቅም ወልድያ ነበርኩ እላለሁ ብዬ ነው። ወላድ ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም።»

«በልጄ ቁጥር?»

«ራሱ ነው የሰጠኝ።»

ጥሩሐረግ ቀረቡት። «አምኖህ ነው የሰጠህ።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጽጽቃ ፖሊስ ተደወለ። ሠላሳ ስምንቱ ብልቃጥ ተገኝቷል። ያለ ማቀዝቀዣ፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር።

«ከእንግዲህ ለማንም አይሆኑም» አለች አዋላጇ፤ ወጥታም አለቀሰች።

ምትኩን በካቴና ወሰዱት። ጥሩሐረግ ካሳ ፊት ቆሙ።

«አየህ?»

«አየሁ፣ እማማ።»

«በልጄ ላይ የቀረህ ነገር አለ?»

ካሳ ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። «የለኝም።»

ያኔ ጥሩሐረግ የቀረበላቸውን ወንበር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ብለው ተቀበሉ።

አንዷለም ዐሥራ ሦስተኛውን ወር ሲያስገባ ሦስት ሰዓት ፈጀበት። ቀኖቹን አንድ በአንድ ሞከረ።

«በዘመነ ሉቃስ ስድስት ናት» አሉት ጥሩሐረግ። «እሷንም ረስተህ ሌላ ሰው እንዳታሳስር።»

ስድስትንም ሞከረ። በመጨረሻ በቅርብ ወዳለፈችው ጳጉሜ ሦስት ተመለሰ። መዝገቡ ጳጉሜ ሦስት አለ።

«ተስተካክሏል። አሁን ቀኑን ወደ ዛሬ ልመልሰው።»

«ቆይ» አለ ካሳ። ከጥጉ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ አየ። «አሁን እዚያ ላይ ጳጉሜ ነው?»

«አዎ።»

«ተወው እንግዲያ። እዚያ ገና አልሞተችም።»

አንዷለም እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። ጥሩሐረግም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።