በደራሲው ደወል ላይ የተለጠፈው ቃል

ሽማግሌው ደራሲ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ ተዘርረው ተገኙ። በደራሲያን ሰፈር ሰው የሚሞተው መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ የዛሬው ግን የእውነት ነው።

መርማሪዋን ገለባ ከፍሬ ስለምትለይ ባልደረቦቿ «ሰፌድ» ይሏታል። አንደኛውን ነጠላ ጫማ ከደረጃው አናት አገኘችው፤ ሌላው እሳቸው እግር ላይ ነው። ሰውየው በችኮላ ወርደዋል፤ ደረጃው ግን አልጣላቸውም። ጭንቅላታቸው የተመታው በበሩ ደፍ ላይ ነው።

ከታች የመጻሕፍት ሱቅ ያላቸው አዛውንት ዓይናቸውን ሰበሩ። «ጠዋት ከልጃቸው ጋር ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ። ከዚያ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ የሰማሁትን ነው።»

ጎረቤቱም ልጅቷን በጎን ማየት ጀምሯል።

«ስለ ደወሉ ነው» አለች ልጅቷ። «ተበላሽቶ ላሠራው ስል፣ ‹ጎብኚው ሁሉ እየደወለ አሳበደኝ፣ ተይው› አለኝ። ጮህኩበት። ወረቀት ለጥፌበት ሥራ ሄድኩ። ለምሳ ስመለስ... አባዬ እዚህ ነበር። ወረቀቱን ማየት ስላስጠላኝ ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩት። የመጨረሻ ቃሌ ጩኸት መሆኑ ያሳፍረኛል።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። አንድ ቃል ብቻ ናት፦ አይሰማም።

ጎብኚዎችን በየቀኑ ሰፈሩን በእግር የሚያዞረው አስጎብኚ ኮሌታውን እያስተካከለ መጣ።

«ዛሬ በላይኛው መንገድ ነው የሄድነው፤ በዚህ ድርሽ አላልኩም። ምስኪን ጋሼ! እሳቸው እንደሁ በሩ ቢሰበርም አይሰሙ።»

«ጆሯቸው እንደማይሰማ ማን ነገረህ?»

«ኧረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!»

ባለሱቁ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። «ጋሼ? እኔ እታች ሳስነጥስ ከፎቅ ‹ይማርህ!› የሚሉኝ ሰውዬ?»

መርማሪዋ ሦስቱንም ደረጃው ሥር አቆመቻቸው።

«ይህችን አንብብልኝ» አለችው አስጎብኚውን።

«አይሰማም» አለ፣ አላልቶ።

«አየህ፣ ልጅቷ የጻፈችው ‹ሰ›ም ‹ማ›ም ጠብቀው ነው። የደወሉ ድምፅ አይሰማም፣ በሩን አንኳኩ ማለቷ ነው። አንተ ግን አላልተህ፣ ሽማግሌው ጆሮ የላቸውም አልክ። ከሰው አፍ ብትሰማው ኖሮ አትሳሳትም ነበር፤ አፍ ያጠብቃል፣ ወረቀት አያጠብቅም። ስለዚህ በዓይንህ ነው ያየኸው። ወረቀቷ ደግሞ በሩ ላይ የዋለችው ከጠዋት እስከ ምሳ ብቻ ነው። ‹ድርሽ አላልኩም› ያልከው አንተ እዚህ ነበርክ።»

አስጎብኚው ደረጃው ላይ ዘጭ አለ።

«ሁሌ ታሪካቸውን የማወራው እዚያ ጥጉ ላይ፣ በሹክሹክታ ነበር። ዛሬ አይሰሙም ብዬ መስኮታቸው ሥር ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጎብኚዎቹን አስቀድሜ ልከተል ስል ወርደው ኮሌታዬን ያዙኝ። ላስለቅቅ ብዬ ገፈተርኳቸው።»

«ስለ አባዬ ምን ነበር ያልካቸው?» አለች ልጅቷ።

አስጎብኚው ኮሌታውን ነካካ።

«ተናገራ!»

«ያን ታዋቂ ልብ ወለዳቸውን የጻፉት ሚስታቸው ናቸው፣ እሳቸው ስማቸውን ነው የለጠፉበት ብዬ... ጎብኚ እንዲህ ያለ ወሬ ይወዳል።»

«እናቴ እኮ ፊደል አልቆጠረችም!»

ባለሱቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እኔም ጥጉ ላይ ሲያወራው ሰምቼዋለሁ። አብሬ ስቄያለሁ። አፈር ልብላ።»

«ሲወድቁ ወዲያው ነው የሞቱት?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

አስጎብኚው አንገቱን ነቀነቀ። «አልሞቱም ነበር። ‹እኔን ተወኝ። ሂድና ውሸት ነው በላቸው› አሉኝ።»

«አልካቸው?» ልጅቷ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ልላቸው ነበር የሄድኩት፣ እናቴን! ግን ከመድረሴ አንዷ ጎብኚ፣ ‹ሚስትየዋስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«እሺ?»

አስጎብኚው ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

«ታሪኩን ጨረስኩላት።»