የሞረዳ እጆች

የሺወርቅና ሞረዳ የተዋወቁት ሲሬ ላይ አውቶቡስ ተበላሽቶ ነው። ጊዜው በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ እሷ ነቀምቴ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት እየተመለሰች ነው። ተሳፋሪው ሹፌሩ ላይ ሲጮኽ፣ አንድ መለሎ ወጣት ጃኬቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ አነጠፈላት።

«አካም ጅርታ? ቁጭ በይ፣ ይኼ መኪና ዛሬ አይነሳም» አላት።

እውነቱን ነበር። እስኪመሽ ሲያወሩ ዋሉ።

ሞረዳ የወባ ርጭት ሠራተኛ ነው። የደዴሳን ቆላ ጎጆ ለጎጆ እየዞረ ዲዲቲ ይረጫል፤ ዱቄቱንም በባዶ እጁ ይበጠብጣል።

በዓመቱ አጎቱ ኦቦ ነገራ ሽማግሌ ይዘው የሺወርቅ ቤት ሄዱ። አባቷ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የከተሙ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

«መጀመሪያ ልጁን ልየው» አሉ።

ሞረዳ መጣ። ብርዝ ቀረበለት። ብርሌውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠና ብርዙ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«በጠዋቱ እንዲህ የሚያደርገው፣ ማታ ስንት ጠጥቶ ነው?» አሉ አባቷ።

«አባባ፣ እሱ መጠጥ አይቀምስም! ሚስዮን ቤት ያደገ ልጅ ነው» አለች የሺወርቅ።

«ተደብቆ የሚጠጣ ይብሳል። ለሰካራም ልጄን አልሰጥም።»

የሺወርቅና ሞረዳ ሐኪም ቤት ሄዱ። ፈረንጁ ሐኪም እጁን አገላብጦ አየና በአስተርጓሚ መለሰላቸው። «ከምትረጨው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ተመራማሪዎች ገና እያጠኑት ነው። ደምህን ውጭ አገር እልካለሁ፤ እስከዚያው ርጭቱን ተው።»

ሞረዳ ሥራውን ተወ። መልሱ ግን ውኃ የበላው መሰለ። የሺወርቅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ «ገና ነው» ይሏታል። አባቷ ራት ላይ «የፈረንጁ መልስ የት ደረሰ?» እያሉ ያሾፉባታል።

ከፋሲካ በኋላ መልሱ መጣ። «ምንም አልተረጋገጠም» አለ አስተርጓሚው።

«ደሙን የወሰዳችሁት ይህን ልትነግሩን ነው?» ብላ ጮኸችበት።

ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሞረዳ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቆመ።

«የሺ፣ ተይኝ። ነገ ልጅ ብንወልድ፣ ታቅፌ ብጥለውስ?»

«ቁጭ ብለህ ትታቀፋለህ።»

«እየቀለድኩ አይደለም!»

«እኔም አይደለሁም። ሰልችቶኛል፣ ሞረዳ! አባቴ ሰካራም ይልሃል፣ ሐኪሙ አላውቅም ይላል፣ አንተ ደግሞ ሂጂ ትለኛለህ። እኔን ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ አለ?»

ሞረዳ እጆቹን ከብብቱ አወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«እሺ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አንተን ማግባት» አለች፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም።

የእሷ ቤተ ክርስቲያንና የእሱ ሚስዮን ስላልተስማሙ ማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። አባቷ አልመጡም። እናቷ ግን ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆሙ።

የሺወርቅ ቀድማ ፈረመች። ጸሐፊው የሞረዳን እጅ አየና የቀለም ሳጥኑን ገፋለት። «አንተ በጣትህ።»

«ፊደል ቆጥሬያለሁ» አለ ሞረዳ፣ ፊቱ ቀልቶ።

ብዕሩ መጀመሪያ ወረቀቱን ቀደደው። ጸሐፊው እያጉረመረመ ሌላ አመጣ፤ የሺወርቅ እንደገና ፈረመች። ልታግዘው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ሞረዳ ቀኝ እጁን በግራው ጨብጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ስሙን ጻፈ። የመጨረሻዋ «ዳ» ከመስመሯ አፈትልካ የየሺወርቅ ስም ላይ ወጥታ ነበር።

«ተበላሸ። ልቀይረው?» አለ ጸሐፊው።

«ተወው» አለች የሺወርቅ።