የባዶው ቀለበት ብሎን

በቅድሚያ ይህ ይታወቅ፦ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በያንጂ ቤት ድንች በሰለ። ከነልጣጩ ተቀቅሎ ከተወቀጠ በርበሬ ጋር ቀረበ። ማንም አልበላም።

ከግድግዳው ማዶ፣ በጸሎት ክፍሉ ውስጥ፣ የያንጂ ባል የጌልጄን አስከሬን ተጋድሟል። ከአራት ቀን በፊት ከተራራው ጫፍ ሲወርድ የበረዶ ውሽንፍር ያዘው። አብረውት የነበሩት ኩሻንግ፣ ሎብሳንግና ፔምባ በእግራቸው መንደር ገቡ፤ እሱን ሰማዩ ሲጠራ ሌሎች ተሸክመው አመጡት።

ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው፦ ጌልጄን ራሱን ከገመዱ ፈትቶ ጉሙ ውስጥ ገባ። የመንደሩ መነኩሴ፣ ላማው፣ ይህን ሲሰሙ ለሙታን ሊያነቡ የከፈቱትን መጽሐፍ መልሰው ዘጉት። ሞትን ፈልጎ ለሄደ ሰው የሚነበበው ሌላ ስለሆነ እርግጡን ንገሩኝ አሉ። ያንጂም ማወቅ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፦ ባሏ ትቷት ሄደ ወይስ ጥለውት መጡ?

ፖሊስ ጣቢያው የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አማ፣ እናት፣ የሚላቸው ዳፉቲ ግን ጎረቤት ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በተራራው ግርጌ ድንኳን ሰፈር ለተራራ ወጪዎች ወጥ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ስኳር የሰረቀውን ሰው ሻይ ሲጠጣ አይተው ይለዩት ነበር። የቡድኑ መሪ ኩሻንግ ልጃቸው ነው። አባቱ የሞተው ብሎኑ ሳይጠብቅ በቀረ የገመድ ማያያዣ ቀለበት ምክንያት ስለሆነ፣ ልጁ ጫማ ማሰር ሳይማር ብሎን ማጥበቅ ተምሯል፤ እስካሁንም እጁ የነካውን ብሎን ሳያጠብቅ አይለቅም። ዳፉቲ ይመርምሩ ሲባል ማንም አልተቃወመም። ምናልባትም ሦስቱ ያልተቃወሙት መሪው ልጃቸው ስለሆነ ነው።

ጠዋት ወደ ሟቹ ብቻቸውን ገቡ። የጠቆሩትን ጣቶች አዩ። ጫማው ላይ የታሰረውን በረዶ የሚነክስ የብረት ጥርስ አዩ፣ የማሰሪያውን ቋጠሮ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ የወገብ መታጠቂያው ላይ ደረሱ። ገመዱ የሚያዝበት ቀለበት ባዶ ነው፤ ብሎኑ ግን እስከ መጨረሻው ጠብቋል። ባዶ ቀለበት በዚያ ብርድ ማንም አያጠብቅም፤ በረዶ ይዞት አልከፈት ይላል። ዳፉቲ ብሎኑን ወደኋላ አዙረው አላሉትና መታጠቂያውን ከሟቹ ፈቱ።

ቀና ሲሉ ያንጂ የሞቀ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንደቆየች አልጠየቋትም።

ዳፉቲ ሦስቱን ሰዎች አንድ በአንድ አነጋገሩ። ሎብሳንግ ሦስቱም የሚሉትን ያንኑ ደገመ። ቀጥሎ ፔምባ ገባ።

«ምን ብሎ ሄደ?»

«‹እናንተ ሂዱ፣ እኔን አትጠብቁኝ› አለ፣ አማ።»

«በዚያ ነፋስ ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«አንተ እኮ ፀጥ ባለ ሰፈር ሾርባ ደረሰ ብዬ ድስት ስደበድብ የማትሰማ ሰው ነህ።»

ፔምባ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። ሎብሳንግ የተናገረው ቃል በቃል ያንኑ ነበር።

ኩሻንግ መጨረሻ ገባ። እናቱ የጌልጄን እጅ እንዴት ነበር ብለው ጠየቁት። ደህና ነበር አለ። በልተሃል ወይ አሉት። አልራበኝም አለ። ሌላ አልጠየቁትም።

እንግዲህ ሁሉም ድንቹን ከበው በተቀመጡበት፣ ላማውም ባሉበት፣ ዳፉቲ መታጠቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ቋጠሮውን አየሁት» አሉ። «ሰው የራሱን ጫማ ጎንበስ ብሎ ሲያስር እንዲያ አይወጣለትም። ፊት ለፊቱ የተንበረከከ ሰው ነው ያሰረለት። ለመሆኑ ጌልጄን ጫማዬን እሰሩልኝ የሚል ሰው ነበር?»

«እኔ ኮቱን ስቆልፍለት እንኳ ይቆጣል» አለች ያንጂ።

«ስለዚህ ከላይኛው ድንኳን ሲነሱ ጀምሮ እጁ በብርድ ሞቷል። ይሄን ብሎን በጤነኛ እጅም መፍታት ትግል ነው። ራሱን አልፈታም፣ ያንጂ። ሌላ ሰው ፈታው። ‹ሂዱ› የሚለውንም እናንተ ሦስታችሁ እዚህ መንደር ገብታችሁ ነው የሰማችሁት።»

ላማው የዘጉትን መጽሐፍ መልሰው ከፈቱ። ሎብሳንግ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አራታቸውም በአንድ ገመድ ታስረው ነበር አለ፤ ጌልጄን በረዶው ላይ ተቀመጠ፣ ጎተቱት፣ ለመኑት፣ አልተነሳም፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ከእሱ ጋር ቢቀመጡ አራቱም ያልቁ ነበር።

«ማነው የፈታው?» አለች ያንጂ።

ፔምባ፣ በረዶው ዓይን አያስገልጥም ነበር አለ። ኩሻንግ ወለሉን ያያል።

«እሱን ለማወቅ የሚያስችል ምልክት የለም» አሉ ዳፉቲ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ሦስቱም እኩል ይሸከሙት።»

ያንጂ ተነሳች። መታጠቂያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ኩሻንግ፣ ወንድሜ፣ አንተ ረጅም ነህ። እዚያ ሚስማር ላይ ስቀልልኝ።»

ኩሻንግ ተቀበላት። ዓይኑን ሚስማሩ ላይ አድርጎ ሰቀለው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ግን፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የባዶውን ቀለበት ብሎን ይዘው እስከ መጨረሻው አጠበቁት።

ያንጂ እጁን አላየችም። የምታየው ዳፉቲን ነበር።