ከወሰን የወጣው ጭስ

ዘይነባ ከቁርስ እስከ ምሳ ሠላሳ ዓመት ታሳልፋለች። ሥራዋ ነው። የክልሉ ሰው፣ ከብትና ምድጃ ሁሉ አምሳያው ኮምፒውተር ውስጥ ይኖራል፤ የቢሮው ሰዎች «መንታ ምድር» ይሉታል። አዲስ ሕግ ከመጽደቁ በፊት መጀመሪያ እዚያ ይታወጃል። ሠላሳው ዓመት በጥቂት ሰዓት ይሮጥና ሰው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያጣ፣ ምን ያህል ጭስ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ ይታያል።

የዚያን ሰኞ ተራው በጡብ ምድጃ ላይ ሊጣል የታሰበው የጭስ ቀረጥ ነበር። ውጤቱ አማረ። አራት መቶ ምድጃ ባላት በቀርሳ ወረዳ ጭሱ በአራተኛው ዓመት ዜሮ ገባ። የቢሮው ኃላፊ ዶክተር ይመር ለምክር ቤት ሊልከው ተዘጋጅቷል። ዘይነባን ግን ዜሮው ከነከናት። ሰው ባለበት ምድር ጭስ እንዴት ፈጽሞ ይጠፋል?

«የቀርሳ ሰዎች የት ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ከወሰን ውጪ» አላት መንታ ምድር።

«እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«ከወሰን ውጪ አልቆጥርም።»

የጎረቤት ክልልን አምሳያ አስፈቅዳ ከራሷ ጋር አገናኘችው። የቀርሳ ጡበኞች እዚያ ሰፍረው፣ በባሰ ምድጃ፣ ከቀድሞው የበለጠ ያጨሳሉ።

ውጤቱን ለይመር አሳየችው። «የተጠየቅነው የክልላችንን ነው፣ ዘይነባ» አለ። «ምክር ቤቱ ሐሙስ ይሰበሰባል።»

«ጠርጎ ጎረቤት ደጅ መድፋት ማጽዳት አይባልም፣ ዶክተር። እኔ አልፈርምበትም። እስከ ሐሙስ ቀርሳ ደርሼ ልምጣ።»

በማግስቱ የቀርሳ ጡበኞች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ኑሩ፣ የገዛ አምሳያቸው ቤቱን ዘግቶ ሲሰደድ በዘይነባ ስክሪን ላይ ተመለከቱ።

«መልኩስ እኔን ይመስላል» አሉ። «ግን ማንንም ሳያማክር ነው የሚሄደው። ጎረቤት የለውም እንዴ?»

«የሚያጣውንና የሚያተርፈውን ብቻ ነው የሚያስበው። እንዲያ አድርገን ሠራነው» አለች ዘይነባ አፍራ።

«እኛ እንደሱ አይደለንም፣ ልጄ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ለአንድ ሰው አይቻልም። ለሃያ ቤት አንድ ስጡን፤ በተራ እንተኩሳለን። ሁለት ዓመት በግማሽ ሆድ እናድራለን፤ ከዚህ ግን አንነሳም።»

እስከ ረቡዕ ማታ ከቤት ቤት እየዞረች ጠየቀች። አንዳንዱ እሄዳለሁ አላት፤ የሚበዛው ግን የአቶ ኑሩን ቃል ደገመ። የሰማችውን ሁሉ መንታ ምድር ላይ ጻፈች፤ በቀረጡ ላይም ለሃያ ቤት አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጨምራ እንደገና አስኬደችው። ጭሱ ዜሮ አልገባም፤ በአሥር ዓመት በግማሽ ቀነሰ። የጎረቤትም እምብዛም አልጨመረም።

«ይህ ቁጥር አያስጨበጭብም» አለ ይመር። ቢሆንም ፈረመ። ሐሙስ ምክር ቤቱ በስድስት ድምፅ ብልጫ አጸደቀው።

ዓርብ ጠዋት ዘይነባ ቀድሞ የተሞገሱትን ሕጎች በሰፋው ወሰን ትመረምር ጀመር። የመጀመሪያው እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የታወጀ፣ የኖራ ምድጃዎችን ያስዘጋ ሕግ ነበር። «ስኬት» ይላል። ከሥሩ ጭስ የቀነሱ ቤቶች ተዘርዝረዋል። መካከል ላይ የአባቷን ስም አገኘችው፦ ሰባት ሰው፣ ጭስ የለም።

ምድጃቸው ሲዘጋ ቤተሰቧ ሰባት ሆኖ ወጣ፤ ከተማ የደረሱት ግን ስድስት ናቸው። ታናሽ ወንድሟ መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህን የሚናገር ሰንጠረዥ የለም።

«ስኬት» የሚለውን ሰርዛ የሰባቱን ስም አንድ በአንድ ጻፈች። ከዚያ ይመር ጋ ደወለች።

«ሌላ ሃያ ሕግ አለ» አለችው። «በእግሩ እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ስጠኝ።»